እናቱ ለምን አልተጫነችውም?

«እማዬ! እማዬ ክፈቺልኝ!»

በሩን በቡጢ ይደበድባል… መልስ የለም።

ጎረቤቷ «እናትህን ከጠዋት ጀምሮ አላየኋትም» ብላ ስትደውልለት ስብሰባውን ጥሎ ነው የበረረው።

በትከሻው ገፍቶ ገባ።

እናቱ ማድ ቤት ወለሉ ላይ ወድቃለች… ከንፈሯ ደርቋል። ስልኳ ግን እጇ ላይ ነው! አፑ ተከፍቷል፤ «ድረሱልኝ» የሚለው ትልቅ ቀይ ቁልፍ ፊት ለፊቷ ነው።

ይህን አፕ የሠራው ማን መሰላችሁ?

ራሱ ልጇ!

አቅመ ደካማ ሰው ሲወድቅ ቁልፉን ይጫናል፤ ወዲያው ለልጆቹም ለአምቡላንስም ጥሪ ይደርሳል። የስንቱን እናት ነፍስ አትርፏል…

«እማዬ… እጅሽ ላይ እያለ ለምን አልተጫንሽውም?» እንባው ቀደመው።

«ለመደወል ካርድ አልቆብኛል… ይኼኛው ደግሞ ሙከራ ላይ ነው ይላል እኮ ልጄ… ሳትጨርሰው ነካክቼ ሥራህን እንዳላበላሽብህ ብዬ…»

ክው አለ።

እውነቷን ነው። ከቁልፉ በላይ «ይህ አገልግሎት ሙከራ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሌላው ሰው ልብ ብሎ አያነበውም። እሷ ግን የልጇ ሥራ ስለሆነ እያንዳንዷን ቃል አንብባለች።

ግን ስሙኝማ… ሥራው ካለቀ ዓመታት አልፈዋል! ምንም የጎደለው ነገር የለም።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባው «ሥራው አልቋል እኮ፣ ጽሑፉን ለምን አናነሳውም?» ብሎት ነበር።

«ተው ባክህ፣ ይቀመጥ! ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠይቀናል? ሙከራ ላይ ነው ብለናል እንላቸዋለን!»

ተሳሳቁ። ብልጠት መስሎት ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። «ዳሌዋ ተሰብሯል… ብዙ ደም ወደ ውስጥ ፈስሷል። ምነው ቶሎ ብታመጧት ኖሮ?»

ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገፏት እጁን ያዘችው።

«አታልቅስ… ቀስ ብለህ ትጨርሰዋለህ።»

«ካለቀ ቆየ» ሊላት ፈለገ…

በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተና ያንን ጽሑፍ አጠፋው። አንዲት መስመር ናት። ምንም የተበላሸ ነገር የለም… አፑ እንደ ወትሮው መሥራቱን ቀጠለ።

በሩ ሲከፈት ሐኪሙ ብቻውን ነበር… አንገቱን ደፍቷል።

ወዳጆቼ… ያለቀውን ሥራ «ገና ሙከራ ላይ ነው» የምንለው ለተጠቃሚው አስበን እንዳይመስላችሁ። ወቀሳ ሽሽት ነው! ወቀሳ የምንሸሽበት ቃል ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ያመነንን ሰው ነው።

እናንተስ… በእጃችሁ ካለቀ የቆየ፣ ኃላፊነቱን ፈርታችሁ ግን «ገና ነው» የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ከዚያ በፊት ግን… እናታችሁ ጋ ደውሉ።