ወደ መለኪያው እንጨት

ሂሳኖ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የእሱን መዝገብ ይዛ በየጠዋቱ የጓሮውን በረዶ ስትለካ ከረመች። አሁን ደክሟታል። በመዝገቡ ደንብ፣ ከጓሮው ግማሽ በላይ መሬት ከታየ ዜሮ ይጻፋል፤ ዛሬ ዜሮ ጽፋ፣ የሠላሳ አንድ ዓመቱን መዝገብ ዘግታ ልታርፍ ቆርጣለች።

«እትዬ ሂሳኖ፣ እርስዎ ባይለኩትም እኮ ይቀልጣል» አለ ጎረቤቷ ሺገታ ከአጥሩ ማዶ።

«አንተ መጀመሪያ አካፋዬን መልስ።»

በረዶው እንዳይረበሽ ወደ መለኪያው እንጨት የምትሄደው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። የተረገጠ በረዶ ቶሎ አይቀልጥምና፣ ዙሪያው ሲሟሽሽ ዱካዋ ሁሉ ጎልቶ ቀርቷል። ከጎኑ ግን ሌላ ዱካ ነበር፤ ሰፊ፣ ግራ እግሩን ይጎትት እንደነበረው እንደ ባሏ ዱካ።

«ሺገታ፣ ከኋላዬ ትመጣ ነበር እንዴ?»

«እኔ? በዚህ በኒጋታ አገር ብርድ? ብቻዎን እያወሩ ሲሄዱ ከመስኮት ነበር የማይዎት።»

ሂሳኖ በዚያ መንገድ ስትሄድ አውርታ አታውቅም። እንጨቱ ጋ ደርሳ ዜሮ ልትጽፍ እርሳሷን አነሳች። ከቦት ጫማዋ አጠገብ፣ በቀረችው እፍኝ በረዶ ላይ፣ ሰፊ ዱካ ቀስ ብሎ ሰመጠ፤ ውሃም ሞላው።