ነብር የማያጣው ሾፌር

«እዚህ ጋ ቁም» አለችው። ወንድሟ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ሃያ ሜትር ያህል አለፈና ራሱ በመረጠው ቦታ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ከመንገዱ በስተግራ አንድ ትልቅ ሾላ ብቻውን ቆሟል። ቀትር ነው፤ ከሙቀቱ የተነሳ ወፍ እንኳ አይንጫጫም።

ከኋላ ወንበር የፓርኩ ጥበቃ አለቃ ጠመንጃውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። የመጣው ለሽርሽር አይደለም። ትናንት ጠዋት በዚህ መንገድ የምትታየው ነብር የጤና ጣቢያው መኪና ድረስ ተጠግታ ነርሷን ክንዷ ላይ ቧጥጣታለች። ሰው መዳፈር ጀምራ ከሆነ ዛሬውኑ ትገደል ተብሏል።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ነብር ሳሳይልሽ ጋሼ ነበርኩ» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «አንዲት ነርስ ስትቧጠጥ ወንጀለኛ ሆንኩልሽ?»

«በሩን ምታ፣ ጋሼ።»

«የምን በር?»

ይኸው ነው እንግዲህ የሚያቃጥላት። የአስጎብኚ ድርጅቱን ያቋቋሙት ሁለቱ ናቸው፤ ቢሮው የእሷ፣ መንገዱ የእሱ። «ከመንገድ አንወጣም፤ አውሬ አናበላም» የሚለውን ጽሑፍ እሷ ጻፈች፣ እሱ በፕላስቲክ አሽጎ መሪው አጠገብ ለጠፈው። እንግዶች ገና ከአገራቸው ሳይነሱ በስሙ ይጠይቁታል፤ ነብር የማያጣው ሾፌር እየተባለ ኩራቱ ከመኪናው ጎማ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሆኗል። ትናንት ከሰዓት እንግዶቹ የላኩላትን ቪዲዮ አንድ በአንድ አየች። አሥራ አንድ ነበሩ። በአሥራ አንዱም ነብሯ ከመምጣቷ በፊት የኋላው በር ሁለት ጊዜ ይደረገማል።

«በሩ ልል ነው» አለ፣ ይህንን ስትነግረው። «አንዴ ብትመቺው አይዘጋም።»

«ባለፈው ወር አስጠግኜዋለሁ። አሁንም ሁለት ጊዜ ነው የምትመታው።»

«እኔ አብልቼያት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አንቺ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ስለ ዱር ትጽፊያለሽ፣ ፀሐይ የሚጠብሰው እኔን ነው። ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሣር አሳይቼ ልሸኘው?»

«ሣር አሳይተህ ሸኘው።»

«ያኔ ቢሮሽ ቁጭ ብለሽ ዝንብ እሽ ትያለሻ።»

«የቤታችሁን ጣጣ ቤታችሁ ትጨርሱታላችሁ» አለ አለቃው ከኋላ። «እኔ ሥራ አለኝ።»

እሷ ወረደች። ድፍረት አልነበረም፣ ንዴት ነው ያወረዳት። ዞራ የኋላውን በር ከፈተች፤ ባላት ኃይል መታችው፣ ደግማ መታችው፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ምንም የለም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ወንድሟ በአፍንጫው ሳቀ፤ «እሺ፣ ደስ አለሽ?» አላት። ተሳስታ ቢሆን፣ እዚሁ ሰው ፊት ተዋርዳ ብትመለስ ምንኛ በወደደች።

ከሾላው ላይ ቅርንጫፍ ተንቀሳቀሰ። ነብሯ ወረደች። አላደባችም፣ አልተሽሎከለከችም፤ ማታ በረቷ እንደምትገባ ላም ዘና ብላ መጣች። በእህትየዋ መስኮት በኩል ቀና ብላ እንኳ ሳታይ አለፈችና የኋላው በር ሥር ቁጭ አለች።

«ምንድነው የምትሰጣት?» አለ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወንድሟ ከንፈሩን ላሰ። «አጥንት። የሎጁ ወጥ ቤት የሚጥለው አጥንት። ሥጋ ሰጥቻት አላውቅም።»

ጠላችው። ተቆጥታው ታውቃለች፣ ታዝባውም ታውቃለች፤ እንደዚህ ግን ከልቧ ጠልታው አታውቅም። የነርሷን ክንድ እንኳ «አጥንት ብቻ» በሚል ቃል ሊሸፍነው ይፈልጋል። «እንስሳዋን እኮ ነው የገደልካት» አለችው።

«እስካሁን በሕይወት አለች» አለ አለቃው። «ሰው በእግሩ ወርዶ ሲያባርራት ከሸሸች፣ ይሄን መንገድ ዓመት ዘግቼ እተዋታለሁ። ትረሳዋለች። ካልሸሸች ግን ነገ የሕፃናት መኪና ሥር እንድትቀመጥ አልጠብቅም።» ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማች።

ወንድሟ ማንም ሳያዝዘው በሩን ከፍቶ ወረደ። ከመሬት ድንጋይ ለቀመ። ነብሯ ስታየው ተነሳች።

«ሂጂ!» አላት። «ሂጂ አንቺ፣ ጥፊ ከዚህ።» የመጀመሪያው ድንጋይ ጎኗን ስቶ አለፈ፤ ሁለተኛው ትከሻዋን ነካት። እህቱ በመስታወቱ ውስጥ ሦስተኛውን ሲያነሳ አየችው። በሕይወቷ ያልሰማችው ቀጭን ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ «ሂጂልኝ በናትሽ፣ ሂጂልኝ።»

ከኋላዋ የአለቃው መስኮት መስታወት ቀስ ብሎ ወረደ።

ሦስተኛው ድንጋይ ከነብሯ እግር ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ በመዳፏ አገላበጠችው። ከዚያ ቀና አለችና የሾፌሩን እጅ እያየች ትጠብቅ ጀመር።