የጋሪው ሳንቃ

ኤልማይራ ድርቆሹን ትጠመዝዘዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ትወትፍና ምድጃው ጥግ ትወረውረዋለች። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይነዳል? እጇ ሥራው ላይ ነው። ዓይኗ ግን በሩን አልፎ፣ ሜዳው ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ተተክሏል።

ልጇ ኦሪን በስተምዕራብ፣ የባቡር ሐዲድ በሚነጠፍበት ሰፈር በተስቦ ወድቋል። ወሬውን ያደረሰው ዕቃ ጫኝ "ሰው መለየት አቅቶታል" አለና ውሃ ጠጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ባሏ ሃይረም በዚያው ዕለት በቅሎዎቹን ጠምዶ ልጁን ሊያመጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጨረቃዋ ሞልታ ጎድላለች፤ አንዲት ቃል አልመጣችም። ማንስ ያመጣታል?

"ኧረ አንገትሽ እንዳይቀነጠስ!" ይላሉ ጎረቤቷ አክስት ዶርካስ፣ ከተደፋው በርሜል ላይ ተቀምጠው ድርቆሽ በመጠምዘዝ እያገዟት። "አፈጠጥሽ አላፈጠጥሽ በቅሎ እንደሆነ በራሱ እግር ነው የሚመጣው።"

"እርስዎ ይልቅ ጠበቅ አድርገው ይጠምዝዙ። በጭስ ሊገድሉን ነው።"

"ባሌም ይህንኑ እንዳለኝ ነው የሞተው፣ ነፍሱን ይማረውና። ደግሞ ባዶ እጁን መች ሄደ? ጠረጴዛዬን ይዞብኝ! ይኸው ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እበላለሁ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኤልማይራ ትስቅ ነበር። ያን ጠረጴዛ ፈታትቶ የሬሳ ሳጥን ያደረገው የራሷ ባል ነው፤ ምስማሩን ያቀበለችው እሷ ናት። በዚህ አገር ሰው ሲሞት የቤቱ በር ይነቀላል፣ መደርደሪያው ይፈርሳል፤ ሙት እንዲሁ አፈር አይለብስም።

"አፌን ይቁረጠው!" አሉ አሮጊቷ ፊቷን አይተው። "ምን አስቀባጠረኝ? የኔ ሽማግሌ ነበር፣ ያውም ግትር። ያንቺ ግን ገና ለጋ ነው። ይድናል።"

"አይድንም፣ አክስት ዶርካስ። ሆዴ ነግሮኛል።"

"ሆድሽ ዝም ይበል!"

"ለጋሪው ግራና ቀኝ ረጃጅሞቹን ሳንቃዎች ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይመታው ብዬ። ሃይረም በቅሎዎቹን ይከብዳቸዋል ቢለኝ ጮኽኩበት። የላባ ፍራሼንም አነጠፍኩለት።"

"ታዲያስ! እንደ ንጉሥ ተኝቶ ነዋ የሚመጣው።"

ኤልማይራ ተነስታ የበቆሎውን አጥሚት አማሰለች። በየቀኑ ለልጇ ትጥደዋለች፤ ሲመሽ እያለቀሰች ራሷ ትጠጣዋለች።

ቀና ስትል ከሜዳው ዳር አቧራ አየች።

"መጡ!" ድርቆሹን ረግጣ ወጣች። አክስት ዶርካስ ወገባቸውን ይዘው ተከተሏት።

"አላልኩሽም? አላልኩሽም! እስቲ ንገሪኝ፣ የኔ ዓይን እንደሆነ አይደርስም።"

"ሃይረም ነው። በቅሎዎቹም የኛ ናቸው።" በእጇ ዓይኗን ከፀሐይ ጋረደች። "ብቻውን ነው የተቀመጠው።"

"ተኝቶ ነዋ! የታመመ ልጅ ቁጭ ብሎ በቅሎ ይንዳ? ያን ሁሉ ሳንቃ አስገጥመሽ እንዴት ይታይሻል? አሁን ቀና ሲል ታዪዋለሽ።"

እውነታቸውን ነው፣ አለች ኤልማይራ በልቧ። ተኝቶ ነው። ሳንቃው ጋርዶት ነው። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ ሰው ማመን ፈልጋ አታውቅም። ጋሪያቸው ከነሳንቃው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ በደረቀው ሣር መሃል ከሩቅ ይለያል። አረንጓዴውን ፈለገች። የበቅሎዎቹ ጆሮ ታያት። መንኮራኩሮቹ ታዩዋት። ከመንኮራኩሮቹ በላይ፣ አረንጓዴው ሊታይ በሚገባው ቦታ፣ ቢጫው ሣር፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሣር፣ ወለል ብሎ ታያት።

"ምነው ዝም አልሽ?" አሉ አክስት ዶርካስ። "ልጁ ቀና አለ?"

"ሳንቃው የለም።"

"እ?"

"ሳንቃው የለም፣ አክስት ዶርካስ። አንድም አልቀረ።"

አሮጊቷ የኤልማይራን እጅ ፈልገው፣ አጥብቀው ያዙት።

ሃይረም እርቃኑን ከቀረው ጋሪ ላይ፣ ታጥፎ በገመድ በታሰረው የላባ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን አንጠልጥሎ ይመጣል። ቤቱ ሲቃረብ በቅሎዎቹ ፈጠን አሉ። እሱ ልጓሙን ሳብ አድርጎ እንዲያዘግሙ አደረጋቸው።