ሁለት ድንጋይ ያለው የአበባ መደብ

«ልጄ... አፈር ስሆን ከዚያ ላይ ተነሽልኝ።»

እታገኘሁ ዳቦዋን እንደጎረሰች ቀና አለች።

ፊቷ የቆመው የመናፈሻው አትክልተኛ ክንፈ ነው። ቁምጣው ጭቃ በጭቃ፣ እጁ ላይ የአጥር መቀስ...

አበባ ስለተጫነች የተቆጣ መሰላት። ደክሟት እንደሆነ፣ ድንጋዩም ለመደገፍ ስለተመቻት እንደተቀመጠች ነግራ ይቅርታ ጠየቀችው።

ክንፈ ግን አልተቆጣም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

እስኪ ወደ ጠዋቱ ልመልሳችሁ...

ጊዜው ጥቅምት 1966 ነው። ወሎ በረሃብ እያለቀ ነው።

እታገኘሁ ደሴ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ አራጌ በሰኔ ወር ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለው ቀዬው «ልጄ ጋ እደርሳለሁ» ብሎ በእግሩ ወጣ... አልደረሰም።

ወረኢሉ ገበያ ላይ ያየው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አራጌ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። እጁ ላይ ደግሞ የሟች ሚስቱ የሩቂያ ሙስበሃ... ሶላት ስታበቃ ትቆጥርበት የነበረው መቁጠሪያ። ከሞተች ወዲህ ከእጁ ለይቶት አያውቅም።

«አንተማ ገነት የምትገባው በሁለት በር ነው» እያለ አገር ይቀልድበት ነበር።

ከሙስበሃው አንድ ፍሬ ጠፍቶ፣ እታገኘሁ በቦታው ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ ሰክታለታለች።

አንድ እሁድ የስፌት ቤት ጓደኞቿ ሽርሽር አሰቡ። ከወረኢሉ ወዲህ መንገድ ዳር አንድ ባለ ርስት ጌታ ጉደኛ መናፈሻ ሠርቷል ተባለ። መግቢያው ስሙኒ፣ መሄጃው የሕዝብ አውቶቡስ፣ ምሳው ከቤት የተቋጠረ ዳቦና ቆሎ።

እታገኘሁ ለአበባው ግድ አልነበራትም። አውቶቡሱ አባቷ የጠፋበትን መንገድ ስለሚሄድ ብቻ ተሳፈረች። በቆመበት ሁሉ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ጠየቀች... ማንም አላየውም።

መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ተቀምጦበታል። እጁን ለመዘርጋት እንኳ አቅም ያጣ ሰው።

መናፈሻው ሲቃረብ ግን መንገዱ ጭር አለ። አንድም ሰው የለም።

የት ሄዱ ብላ ረዳቱን ጠየቀችው። «እዚህ ጋ ጌትዬው አይወዱም» ብሏት ፊቱን አዞረ።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ዝሆን ሆኖ የተከረከመ ጥድ... ውሃ የሌለበት ድልድይ... ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ የድንጋይ ወንበር... ጓደኞቿ በሳቅ ሞቱ።

ከጓሮ በኩል የአበባ መደቦች አሉ። ብዙ ናቸው። የእታገኘሁ የስፌት ዐይን ሳታስበው ለካቸው... አንዱ ሦስት ክንድ ተኩል፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይዘል። ሁሉም ጫፋቸው ላይ አንድ አንድ ድንጋይ ቆሟል፤ የአንዳንዱ በፀሐይ መውጫ፣ የሌላው በፀሐይ መግቢያ በኩል።

አንዱ መደብ ብቻ በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ አለው።

እሱ ላይ ተቀመጠች። ዳቦዋንም ፈታች...

ክንፈ ተነሽልኝ ያላት ይሄኔ ነው።

አጠገቧ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራት። ክረምቱን ሙሉ ራብተኛው በሩ ላይ ይወድቅ እንደነበር... ጌታው በሩ ይዘጋ ብሎ እንዳዘዘ... የሚዘጋውም እሱ ራሱ፣ ክንፈ እንደነበር።

«ሲሞቱ "ቅበርና አበባ ትከልበት፣ እንግዳ እንዳያይ" አለኝ። ቀበርኩ። አበባም ተከልኩ። ራስጌያቸውን ግን አላሳትኩም።»

ክርስቲያኑን ራሱን በምዕራብ አድርጎ፣ ሲነሣ ፀሐይ መውጫን እንዲያይ። ሙስሊሙን ራሱን በምሥራቅ፣ በቀኝ ጎኑ አጋድሞ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ እንዲሆን። ድንጋዩ የራስጌ ምልክት ነው።

እታገኘሁ የቀረውን ዳቦ መልሳ ቋጠረችው።

«ይሄ ሁለት ድንጋይ ያለውስ?» አለችው።

«እሱ ቸገረኝ። አንገቱ ላይ ማተብ፣ እጁ ላይ ሙስበሃ። የቱ ነህ ብዬ ልጠይቀው ጎንበስ ስል... አልቆየልኝም። ራሱን ወዴት እንዳደረግኩት እግዜርና እኔ እናውቃለን። እንዳላሳዝነው ብዬ በሁለቱም በኩል አቆምኩለት።»

ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። ጠያቂ ቢመጣ ብሎ ያስቀመጠው ነው።

ሙስበሃ ነው... መሐሉ ላይ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ።

እታገኘሁ በጉልበቷ ወርዳ አፈሩን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷ ቁራሽ አጥቶ በሞተበት ደጅ፣ እሱኑ ተደግፋ ምሳዋን ስትበላ ነበር።

ክንፈ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «አብሽሪ ልጄ... አሁን ባለቤቱ አንቺ ነሽ። የቱን ድንጋይ ላንሳ?»

«ተዉት» አለችው። «ሁለቱም ይቁሙ።»

በዓመቱ አብዮቱ መጣ። መናፈሻው ተወረሰ፤ የጥዱን ዝሆን የሚከረክመው ጠፍቶ ተራ ዛፍ ሆነ። እታገኘሁ ግን በየጥቅምቱ በዚያው አውቶቡስ፣ ዳቦ ይዛ ትመጣ ነበር። ክንፈን ይቅር ብላው እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ወገኖቼ... ያማረ ነገር ስታዩ ከማድነቃችሁ በፊት ከሥሩ ማን እንዳለ ጠይቁ። ደግሞ በክፉ ዘመን የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ሁሉ ልቡ የሞተ አይደለም። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ክንፈን ጻድቅ ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል።

በሩን የዘጋውም፣ ራስጌውን የጠበቀውም ያው አንድ ሰው ነው።

እናንተ በእታገኘሁ ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሉት ነበር?

ከልባችሁ አስባችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... አነባለሁ።