ክፍተቱ እስኪደፈን

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ መዳፏን ማውሱ ላይ እንደጫነች አልነሳም አለች። አዳራሹ በእንግዶች ጢም ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ አጠገቧ ቆሞ፣ በኢሜይል የደረሰውን ቪዲዮ ለእንግዶቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እንድትከፍት በጥርሱ እየሳቀ ይጎተጉታታል።

«እናትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። አንዴ ንኪውና ይጫወት።»

«የቪዲዮ ማጫወቻው የደህንነት ክፍተት አለበት፣ ጌታዬ። መጥፎ ፋይል በዚያ ከገባ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ኮምፒውተሮች ሳይቀር ይቆልፋቸዋል። እዚያ አሁን ሆዷ የተከፈተ ሴት አለች። ክፍተቱን ለመድፈን አፕዴት እያደረግኩት ነው፤ ሰባት ደቂቃ ይስጡኝ።»

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ እጇን ሊያነሳ ሞከረ። እሷ ግን ጣቶቿ እስኪነጡ ማውሱን ጨመደደችው።

«ከነገ ጀምሮ እዚህ ሥራ የለሽም!»

«ይሁን። ዛሬ ግን ሥራዬ ላይ ነኝ።»

አፕዴቱ ሲያልቅ ወንበሩን ለቀቀችለት። ዳይሬክተሩ ፋይሉን ራሱ ከፈተው። ወዲያው «ፋይሉ ጎጂ ትእዛዝ ስላለበት ታግዷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ግድግዳውን ሞላው። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳይሬክተሩ ፊቱ በላብ ተጠመቀ።

«በይ እባክሽ፣ ትንሽ የቴክኒክ ችግር ገጥሞን ነው በያቸው» አለ በሹክሹክታ።

ማይክራፎኑን ከእጁ ተቀበለችው።

«ምንም የቴክኒክ ችግር አልገጠመንም» አለች። «ዳይሬክተራችን አሁን የከፈቱት ቫይረስ ነው።»