የተሻለው አገር

ልጆቼ፣ አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ታላቁ ሙሉሰው ጣሊያን ገባ፣ ታናሹ ደምመላሽ ጀርመን። አገር ቤት ሳሉ በአባታቸው ውርስ ተቀያይመው ስለነበር አይደዋወሉም። የአንዱን ወሬ ለሌላው የምታደርስ እሷ ነበረች።

ሙሉሰው፣ "እማዬ፣ ሰዉስ ደግ ነው፤ ሥራ ግን የለም። የብርቱካን ለቀማው ሲያልቅ ሜዳ ላይ ነን" ይላታል።

ደምመላሽ ደግሞ፣ "ሥራስ ሞልቷል፤ ግማሹን ደሞዝ ኪራይ ይበላዋል እንጂ። ከፋብሪካ ስመለስ ግድግዳ ነው የማናግረው" ይላል።

እናት ምን ታድርግ? ሳላስታርቃቸው እሞታለሁ ብላ ፈራች። ስለዚህ ለታላቁ፣ "ወንድምህ ጀርመን ደልቶታል፣ ቤቱም ሰፊ ነው። ቂሙን ትቶ ይምጣልኝ ብሏል" አለችው። ለታናሹም፣ "ጣሊያን ኑሮው ርካሽ ነው አሉ። ወንድምህ ናፍቀኸዋል፤ ይምጣና አብረን እንኑር ብሏል" አለችው። ይህን ሲሰሙ ይደዋወላሉ ብላ ነው፣ ምስኪን።

በጥር አንድ እሑድ ታናሹ ደወለ።

"እማዬ፣ ሳልደውል ድንገት ልድረስበት ብዬ ሥራዬንም ክፍሌንም ለቅቄ ጣሊያን ገባሁ። እሱ ግን የለም። ክፍሉ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ጎረቤቶቹን ብጠይቅ፣ ሐሙስ ዕለት ሻንጣውን ይዞ ወንድሙ ዘንድ ጀርመን ሄደ አሉኝ።"

እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ይምጣ ብሏል አላልሽኝም?"

ይህን እያላት፣ በዚያው ስልክ ላይ የታላቁ ጥሪ ይገባ ጀመር።