ምራቅ የመሰከረላት

«ጽዋውን ተቀብለሽ ነይ ብለውኝ ነው፣ እትዬ አልጣሽ፤ አይቀየሙኝ።»

ማኅበርተኞቹ የላኳት ጥሩአየሁ ከደጁ አላለፈችም። የማርያም ማኅበር ተራው ዛሬ የአልጣሽ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ተደፍቷል፤ ከጎሬ ማኅበርተኛ ግን አንድ ሰው ብቅ አላለም። የልጇ የመክብብ አፍ መቼ ያርፋል! «እናቴ ቤተ እስራኤል ናት፤ ምራቋ ተመርምሮ ኢየሩሳሌም ልንገባ ነው» ብሎ መቱ መናኸሪያ ድረስ ለፈፈው። ሰፈሩም «ለካ ስታበላን የኖረችው ቡዳ ናት» ብሎ አረፈው።

አልጣሽ ጽዋውን በሁለት እጇ አስረከበች። በሰባ ሰባት ከጎንደር በሰፈራ ስትመጣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰው እንዳይሸሻት ዘሯን ደበቀች፣ ክርስትና ተነሣች፣ ማተብ አሰረች። እናቷና ወንድሟ ምትኩ እስራኤል ሲገቡ እሷ እዚሁ ቀረች።

ጥሩአየሁ ዞር ከማለቷ ስልኩ ጮኸ። ምትኩ ነው።

«እህቴ፣ የምራቅሽ ምርመራ ውጤት መጣ! ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ የእማዬ ልጅ ነሽ!»

«ተመስገን!» እልል ልትል ነበር።

«ቆይ እስቲ... የመንግሥት ሰዎቹ መግባቷ አይሆንም አሉ። ደሟስ የእናንተ ነው፤ ሃይማኖቷን ግን ለውጣለች፣ ራሷ ነግራናለች አሉኝ።»

እውነት ነው፣ ነግራቸዋለች። አዲስ አበባ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ጠያቂው «ተጠምቀሻል ወይ?» ሲላት፣ ደሜ ከመሰከረልኝ ምን እደብቃለሁ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። አይ አልጣሽ! ከሁለት ያጣች ሆና ቀረች፤ እዚያ ክርስቲያን፣ እዚህ ቡዳ።

«እማዬን አቅርብልኝ» አለችው።

እናቷ ሰማንያን ካለፈች ቆየች፤ አልጋ ላይ ከዋለችም ከርማለች። ልጄን ሳላይ አልሞትም ስትል ነው የኖረችው።

«አልጣሽ» አለች አሮጊቷ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስትዋሺ ኖረሽ፣ ለእኔ ስትይ አንዲት ቀን መዋሸት አቃተሽ?»

«ደክሞኝ ነው፣ እማዬ። ውሸቱ ደክሞኝ ነው።»

ከወዲያ ማዶ የእናቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ አልጣሽም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ያንን ትንፋሽ አዳመጠች።